ያነሳነውን ሰው የት እናስቀምጠው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጎዳና ተዳዳሪዎች የሚወጣ ዜና አብዛኛውን ጊዜ “ይህን ያህል ሰዎች ከጎዳና ተነሱ” ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ያበቃል። በሥራው ውስጥ ላለን ሰዎች ግን ማንሳቱ ከሁሉም የሚቀልለው ነው፤ አንድ አይሱዙ፣ ጥቂት ደንብ አስከባሪና አንድ ሌሊት ይበቃዋል። የሚከብደው፣ የተነሳው ሰው ከተሀድሶ ማዕከል በሚወጣበት ዕለት ማታ የት ያድራል የሚለው ነው። ያቺ ማታ ካልታሰበባት፣ ብየዳ ተምሮ የወጣው ወጣት የምስክር ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ስታዲየም ዙሪያ ካርቶኑን ያነጥፋል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ስለዚያች ማታ ነው።

መጀመሪያ ግን ማን ነው ውጭ የሚያድረው? ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ለሚወጣ ሰው በረንዳ ላይ የተኛው ሁሉ አንድ ይመስለዋል፤ ተከናንቦ ፊቱ አይታይምና። አንዱ ከገጠር ለጥቂት ወራት መጥቶ ሸክም የሚሠራ፣ ቤትና ቤተሰብ ያለው፣ የአልጋ ገንዘቡን ቆጥቦ ወደ አገር ቤት የሚልክ ገበሬ ነው፤ የእርሻ ወራት ሲደርስ ይመለሳል። ሌላዋ ከሰው ቤት ደመወዟን ሳትቀበል የተባረረች ልጅ ናት፤ ለእሷ ወሳኙ ደላላ ሳያገኛት በፊት ያሉት ሁለት ሦስት ቀናት ናቸው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታማሚ ይዞ መጥቶ ቀጠሮው ሲራዘም ስንቁ ያለቀበት አስታማሚ አለ። ለጸበል መጥቶ እንደወጣ የቀረ አለ። ከግጭት ሸሽታ ልጆቿን ይዛ ላስቲክ የወጠረች እናት አለች። ማስቲሽ የሚስብ ልጅ አለ፤ የአእምሮ ሕመምተኛም አለ።

ለእነዚህ ሁሉ “ተሀድሶ” የሚባል አንድ መድኃኒት ይታዘዛል። ተሸካሚው ግን ተሀድሶ አያስፈልገውም፤ ርካሽ አልጋ ነው የሚያስፈልገው። አስታማሚው የሚሻው የጥቂት ሳምንት ማደሪያና የመመለሻ ትራንስፖርት ነው። ስለዚህ ሥራው ከመለየት ይጀምራል። አራት ጥያቄ ይበቃል፦ ከየት መጡ? ከመቼ ጀምሮ ውጭ ያድራሉ? ያለፈውን ሳምንት በምን ኖሩ? ዛሬ ብንደውልለት ስልክ የሚያነሳ ሰው አለዎት? ጥያቄው የሚቀርበው ጠዋት፣ ሻይ ከተጠጣ በኋላ ነው፤ በአፈሳ ሌሊት የተጠየቀ ሰው ስሙን እንኳ ቀይሮ ይናገራል። አንቱታውም አይቅር። “አንተ ና እዚህ” ተብሎ የተጀመረ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚሞላው ቅጽ ቢቀደድ ይሻላል።

ለምን በዛ ሲባል ድህነት የሚለው መልስ ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። በአዲስ አበባ መሀል ለመጨረሻው ደሃ ማደሪያ ሆኖ የኖረው የቀበሌ ቤት ጓዳ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ እጅ ገቡ። ከዚያ ወዲህ በአራዳ፣ በልደታ፣ በቂርቆስና በአዲስ ከተማ ውል ያለው ነዋሪ ጓዳውን ለደባል፣ ቆጡን ደግሞ በአዳር ሒሳብ ለመንገደኛና ለቀን ሠራተኛ እያከራየ ኖሯል። ቤቱ ጭቃ ነው፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ክረምት ሲገባ ያፈሳል፤ ቢሆንም ጣሪያ ነው። ሰፈሩ በመልሶ ማልማት፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ሲነሳ፣ ውል ያለው ሰው ውሉን ይዞ ምትክ ይጠይቃል። ደባሉ በምን ወረቀት ይጠይቅ? ቆጥ ላይ ሲያድር የከረመው ደግሞ በየትኛውም መዝገብ የለም። ምትኩ ቢገኝ እንኳ ከከተማው ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ከሆነ፣ መርካቶ ተሸክሞ የሚያድር ሰው የዕለት ገቢውን ለታክሲ ከፍሎ ባዶ እጁን ይገባል።

እነዚያ ቤቶች ይቆዩ እያልን አይደለም፤ ያየናቸው ብዙዎቹ ለሰው የሚሆኑ አልነበሩም። የምንለው፣ ከመፍረሱ በፊት “በዚህ ጣሪያ ሥር ማታ ስንት ሰው ይተኛል?” ተብሎ በሌሊት ይቆጠር ነው። ቀን የሚደረግ ቆጠራ ባለውሉን ብቻ ያገኛል። ሌሊት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በሁለት ሁለት ሰው ሲዞር፣ ለአንድ መንደር ከሳምንት የበለጠ ሥራ የለውም።

አሁን ወደ ማደሪያው እንምጣ። ከከተማ ውጭ የሚሠራ ትልቅ ማዕከል አንጠይቅም፤ በየወረዳው 40 አልጋ ያለው ትንሽ ማደሪያ ነው የምንጠይቀው። 40 ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። ሁለት ሠራተኞች በፈረቃ ሁሉንም በስም ሊያውቁ የሚችሉት እስከዚያ ነው። 400 ሲሆን ጠባቂ ይቀጠራል፣ ጠባቂ ሲኖር በሩ ይቆለፋል፣ የተቆለፈ በር ያለበት ቤት ደግሞ በጎዳና ሰው ዘንድ እስር ቤት ነው። በአደጋ ጊዜ መጠለያ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መለኪያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር፣ በቀን 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰው አንድ ሽንት ቤት ይላል። ለ40 ሰው 140 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ አንድ መካከለኛ የቀበሌ አዳራሽ ይበቃዋል ማለት ነው። ውሃውን ግን በ15 ሊትር አታስሉት። እሱ ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለመተጣጠብ ነው፤ ገላና ልብስ ሲጨመርበት በሰው 40 ሊትር፣ በቀን 1,600 ሊትር ያዙ። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሦስት ቀን ብቻ ያቆያል። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በፈረቃ የሚያገኝ ሰፈር ሁለት ሮቶም አይበቃውም። ስለዚህ አዳራሽ ሲመረጥ ከጣሪያው በፊት ቧንቧው ይታይ።

መጠለያን ከምንም በላይ የሚገድለው ተባይ ነው። በየጊዜው የገላ ማጠብ ዘመቻ ይካሄዳል፤ ሰው ይታጠባል፣ ጸጉሩ ይላጫል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ የራሱን ልብስ መልሶ ይለብሳል። የልብስ ቅማል የሚኖረው ገላ ላይ ሳይሆን ስፌት ውስጥ ነው፤ ደም ሊመጥ ብቻ ወደ ገላ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። በማግስቱ ሁሉም እንደነበረ ነው። ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት የሚያስተላልፈው ይኸው ቅማል ነው፤ ክረምት ላይ ሰው ለሙቀት ተጠጋግቶ ሲተኛ ይበረታል። አሠራሩ ይህ ነው፦ ሰውየው ሲገባ ቅያሪ ልብስ ይሰጠዋል። የራሱ ልብስ ከ60 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃ ይታጠባል፤ ማሽን ከሌለ በርሜል ጥዶ መቀቀል ነው። ሊቀቀል የማይችለው ጃኬትና ጫማ በወፍራም ላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ስሙ ተጽፎበት ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። ቅማል ደም ሳያገኝ ከሳምንት በላይ አይቆይም፣ እንቁላሉ ግን ዘግይቶ ሊፈለፈል ይችላል፤ የእከክ ተባይ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ነው ዕድሜው። ለእከክ ቅባቱ የሚቀባው የሚያሳክከው ሰው ብቻ አይደለም፤ ክፍሉ ውስጥ ያደሩት ሁሉ በአንድ ማታ ይቀባሉ፣ ሠራተኛውም ጭምር፣ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ሠራተኛው “እኔ ደህና ነኝ” ብሎ ከዘለለ በወሩ ቤተሰቡ ሁሉ ሲያክ ይገኛል።

አልጋው የብረት ይሁን። የእንጨት አልጋ መገጣጠሚያው ውስጥ ትኋን ከገባ አልጋውን ከማውጣት ሌላ ዘዴ የለውም። ፍራሹ በሌዘር ወይም በወፍራም ፕላስቲክ የተለበጠ፣ ጠዋት ጠዋት የሚወለወል ይሁን። መስኮቶቹ በሁለት ተቃራኒ ግድግዳ ላይ ሆነው የላይኛው ክፍላቸው ጨርሶ እንዳይዘጋ ይደረግ፤ ምክንያቱም የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በአየር ነው፣ የሚዘጋ መስኮት ከሆነ ደግሞ ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው መዝጋቱ አይቀርም። ለአንድ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ የሚመደበው ለዚህ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ለአክታ ምርመራ ይላካል። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነጻ ነው፤ ግን ስድስት ወር ይፈጃል፣ ዛሬ ሜክሲኮ ነገ አውቶቡስ ተራ የሚያድር ሰው ስድስት ወር አንድ ጤና ጣቢያ ሊመላለስ አይችልም። ቋሚ አልጋ ለእሱ የመድኃኒቱ ግማሽ ነው።

ሰውን ወደ ማደሪያ የሚስበው ምግብ ይመስላል፤ አይደለም። መሀል ከተማ ቡሌም (የምግብ ቤት ትርፍራፊ) ዝክርም ፈልጎ የማያጣ ሰው ብዙ ነው፤ የተስፋ ብርሃን ምገባ ማዕከላትም በቀን አንድ ጊዜ ያበላሉ። የሚስበው ቁልፍ ያለው ሣጥን ነው። በረንዳ አዳሪ ጫማውን ተንተርሶ ነው የሚተኛው፤ ተኝቶ እያለ መጀመሪያ የሚሰረቀው ጫማው ነዋ። ሣጥኑ የሊስትሮ ዕቃና አንድ ብርድ ልብስ የሚያስገባ፣ ቁልፉም በአንገት የሚንጠለጠል ይሁን። ሌላው የሰዓት ጉዳይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት የሚከፈት በር ተሸካሚን አይዝም፤ የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ሲጫን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እዚያ መገኘት አለበትና። የሴቶች ማደሪያ በሌላ በር ይሁን፤ በአንድ ግቢ ውስጥ መጋረጃ መጋረድ አይበቃም፣ ሴቶቹ በሁለተኛው ቀን ይጠፋሉ። ክፍያን በተመለከተ የመጀመሪያዎቹ ሰባት አዳሮች ነጻ ሆነው፣ ከዚያ ገቢ ያለው ሰው ከሻይ ዋጋ ያልበለጠ ቢከፍል እንመርጣለን። ገንዘቡ ወጪውን አይሸፍንም፤ የከፈለ ሰው ግን ፍራሹ ሲቀደድ ይናገራል።

ቀጥሎ የወረቀት ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ብዙ በጎ ሥራ ይመክናል። ጎዳና ላይ ያለ ሰው ሥራ ሲፈልግ ተያዥ ይጠየቃል። ተያዥ ለማግኘት ሰው ማወቅ፣ መታወቂያም ማሳየት አለበት። የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከነበረበት ወረዳ መሸኛና እዚህ የቤት ቁጥር ያስፈልገዋል። የቤት ቁጥር ለማግኘት ቤት መከራየት፣ ለመከራየት ደግሞ ሥራ ያስፈልገዋል። ቀለበቱ እንዲህ ነው የሚዘጋው። የነጻ ሕክምና ወረቀትም ቢሆን የሚገኘው ነዋሪ ሆኖ በመመዝገብ ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት (ለደሃ ነዋሪዎች የሚሰጥ ድጋፍ) ተጠቃሚዎቹን የሚመርጠው በነዋሪዎች ኮሚቴ ስለሆነ፣ በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው በየትኛውም ብሎክ ዝርዝር ላይ ስለሌለ ያልፈዋል። ለጎዳና ነዋሪዎች የተለየ ክፍል የተያዘውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ግን ያ ክፍል ትንሽ ነው።

ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ይህን ቀለበት በአንድ በኩል ሊበጥሰው ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ሰነድ የሌለው ሰው ምስክር አቅርቦ መመዝገብ ይችላል። የወረቀት መታወቂያ በዝናብ ይበሰብሳል፣ በአፈሳ ሌሊት ይጠፋል፤ አሻራና የዓይን ምስል ግን ከሰውየው ጋር ነው የሚኖረው። የተመዘገበ ሰው ሲም ካርድና የባንክ ሒሳብ ማውጣት ይቀለዋል። ስለዚህ የመመዝገቢያ መሣሪያው በሳምንት አንድ ቀን ወደ ምገባ ማዕከላት ይምጣ፤ ምስክር የሚሆነውም በየዕለቱ የሚያያቸው ሠራተኛ ይሁን። ሁለት ነገር ግን ይጠበቅ። ድንጋይና ሲሚንቶ የተሸከመ እጅ አሻራው ስለሚፋቅ መሣሪያው አላነብም ሊል ይችላል፤ እጅን በሞቀ ውሃ አለስልሶ፣ ቅባት ቀብቶና ጠርጎ መሞከር ይረዳል። ቁጥሩ ደግሞ በስልክ መልእክት ነው የሚመጣው፤ ስልክ የሌለው ሰው የማደሪያው ሠራተኛ መዝግቦ ካልያዘለት ተመዝግቦ እንዳልተመዘገበ ይቀራል።

ከማደሪያ ወደ ራስ ክፍል መሻገር ከሁሉም ያነሰ የተሠራበት ነው። አከራይ የጎዳና ሰው አላስገባም የሚለው በክፋት ብቻ አይደለም፤ ኪራይ ሲቋረጥ ማንን ይጠይቃል? በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ይህን ዕድል መጠቀም ነው። ውሉን ወረዳው ወይም በጎ አድራጎት ድርጅቱ ተከራይ ሆኖ ይፈርም፣ ሰውየው ነዋሪ ሆኖ ይግባ። ሁለት ሰዎች አንድ ሰርቪስ ክፍል በደባልነት ቢይዙ ወጪውን ይጋሩታል፣ ብቸኝነቱም ይቀንሳል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገባ ግን እነሱ ይምረጡ፣ እኛ ያጣመርናቸው አይዘልቁም። ኪራዩ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ግማሽ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሩቡ ይደጎም። ገንዘቡ በእጅ ሳይሆን በቀጥታ ለአከራዩ ሒሳብ ይግባ። አከራዩም ከፋዩ ድርጅት መሆኑን ሲያይ ዋጋ እንዳይሰቅል፣ ክፍሉን መርጦ ዋጋ የሚነጋገረው ራሱ ገቢው ሰው ይሁን።

ዕቃው ብዙ አይደለም፦ ፍራሽ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት፣ ባልዲ፣ ድስት፣ ሁለት ሳህን፣ ቁልፍ ከነመለዋወጫው። ማብሰያው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን፤ ከሰል ከተሰጠ ግን ማስጠንቀቂያው አብሮ ይሰጥ። ለዓመታት ሜዳ ላይ እሳት አንድዶ የሞቀ ሰው ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው፣ ሳያነቃ ይገድላል። በመጀመሪያው ወር የሚሆነውም ይታወቅ። ሰውየው አልጋ ላይ እንቅልፍ እምቢ ብሎት መሬት ይተኛል፤ ጓደኞቹ ማታ ማታ እየመጡ ቤቱን በረንዳ ያደርጉታል፤ አንዳንዱ ለሁለት ሦስት ቀን ወደ ነበረበት ተመልሶ ይሄዳል። ይህ መክሸፍ አይደለም። ክፍሉ ይጠበቅለት፣ ሠራተኛው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጠይቀው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ካልታየ ያን ጊዜ ለሌላ ይሰጥ።

“ከቤተሰብ አቀላቀልን” የሚለውም ሪፖርት ውስጡ ይፈተሽ። የአውቶቡስ ትኬት መቁረጥ ማቀላቀል አይደለም፤ በሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣው ሰው ሁለተኛ ይቆጠርና ቁጥሩ ያምራል። አስቀድሞ ለቤተሰብ ይደወላል፣ ለምን እንደወጣ ይጣራል። እንጀራ አባት ከሆነ ምክንያቱ አክስት ወይም አያት ይፈለጋል፤ የመሬት ድርሻ ከሆነ የአገር ሽማግሌ ይገባበታል። ከተመለሰ በኋላ በሁለት ሳምንትና በሦስት ወር ይጠየቃል። ጊዜውም ይመረጥ። ጎተራ ባዶ በሆነበት ሐምሌና ነሐሴ ተጨማሪ አፍ ይዞ መሄድ ጠብ ነው፤ አዋቂው ከመኸር በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ቢሄድ እጁ ለሥራ፣ ቤቱም ለእሱ ይደርሳል። ሕፃኑ ግን መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ካልተመዘገበ በዓመቱ አጋማሽ የሚቀበለው የለም፤ ሥራ ፈትቶ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ልጁ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይመለስ፣ ለቤተሰቡ የሁለት ወር እህልና ደብተር ታክሎለት።

የአእምሮ ሕሙማንና ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ጉዳይ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ መቄዶንያ የተሸከመውን ሁሉም ያውቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ግን አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ የአእምሮ ሕሙማንን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ ያጡ ልጆችን የማቋቋም ኃላፊነት የሚጥለው በመንግሥት ላይ ነው። ከሆስፒታል መርፌ ተወግቶ የወጣ ሕመምተኛ በወሩ ተመልሶ መርፌውን ካላገኘ ያገረሽበታል፤ የቀጠሮ ካርዱን የሚይዝለት ሰው ከሌለ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ደጋግሞ ቢያክመውም ውጤቱ ያው ነው።

ክረምት በሰኔ ይገባል። አዳራሽ መርጦ፣ ጣሪያ ጠግኖ፣ ሮቶ አቁሞ፣ 40 የብረት አልጋ ለማሠራት ሁለት ወር ይፈጃል፤ ስለዚህ የሥራው መጀመሪያ ከሚያዝያ አጋማሽ ማለፍ የለበትም። በዚህ ዓመት አንድ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ለአውቶቡስ ተራ የቀረበው ይመረጥ፤ በሩም ሌሊት 10 ሰዓት ይከፈት።

ሦስት የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች
ከአራዳ፣ አዲስ አበባ